ቀይ አንገትና ጥቁር ካባ

ትኋኗ ጀርባዋ ላይ ስንጥቅ አለች።

ልጅቷ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ በተቀመጠው ብልቃጥ ላይ ጎንበስ ብላ ቀረች። ከትምህርት ቤት ገና መግባቷ ነው። ጫማዋ በጭቃ ተለውሷል፤ እናቷ ከስፌት መኪናዋ ሥር ሆና «ጫማሽን!» እያለች ነው። አልሰማቻትም። ብልቃጡ ውስጥ፣ ቀንበጧ ላይ ቁልቁል የተንጠለጠለችው ጥቁር ትኋን ከገዛ ቆዳዋ ውስጥ እየወጣች ነበር። መጀመሪያ ጀርባዋ፣ ቀጥሎ ጭንቅላቷ፣ ከዚያ እንደ ክር የቀጠኑት እግሮቿ አንድ በአንድ፤ ጠባብ ሱሪ እንደሚያወልቅ ሰው እየታገለች ወጣች።

የወጣችው ግን ጥቁር አልነበረችም። ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ሐመር ቀይ ነበረች። ባዶው ቆዳዋ፣ ያ ደረቅ ገለፈት፣ አጠገቧ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ልጅቷ ፊቷን ወደ ብልቃጡ አስጠጋች። ይህን ቀለም ታውቀዋለች። ሰኞ ጠዋት እዚሁ ብልቃጥ ውስጥ አይታዋለች፤ አይታም ለአባቷ ነግራዋለች፤ አባቷም የነገረችውን ይዞ ፈርሟል። በዚያ ፊርማ ምክንያት ዓርብ ጠዋት መርዝ የጫነ መኪና ወደ ደኑ ሊገባ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው።

«ጫማሽን አልኩ እኮ!» አለች እናቷ።

«እሺ፣ እማዬ።»

ጫማዋን አላወለቀችም። ወንበር ሳብ አድርጋ ብልቃጡ ፊት ተቀመጠች።

ትምህርት ቤት ውስጥ ይህችን ልጅ በስሟ የሚጠራት መምህር ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «ትኋኒት» ይላታል። ስሙን ያወጣችላት የልብ ጓደኛዋ ሬዲዮ ናት። ሬዲዮም ሬዲዮ የተባለችው አፏ ስለማይዘጋ ነውና ተካክሰዋል። ነገሩ የሆነው ስድስተኛ ክፍል ሳሉ ነው። ትኋኒት ለባብሳ ስትሮጥ በምሳ ዕቃዋ ፋንታ የአባቷን የናሙና ሣጥን ይዛ ሄዳ ኖሮ፣ እኩለ ቀን ላይ ስትከፍተው ሁለት የዛፍ ትኋኖች ዱብ ዱብ አሉ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። «የአልጋ ትኋን አይደሉም! የዛፍ ናቸው! ሰው አይነክሱም!» ብትል ማን ሰምቷት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ተለጠፈባት፣ እሷም ለመደችው።

አባቷ የደን ጠባቂ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ደን ውስጥ ሠርቷል። ከደኑ ዳር ያለችው፣ እነሱ የሚኖሩባት ሁለት ክፍል ቤትም የመሥሪያ ቤቱ ናት፤ አባትየው ከሥራ ከወጣ ቤቷም አብራ ትሄዳለች። ይህን በቤቱ ውስጥ ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

ደን ጠባቂ ሲባል ዱላ ይዞ እንጨት ሌባ የሚያባርር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የዚህ ሰው ትልቁ ሥራ ግን ሌላ ነበር። ቡቃያ መከፈት ሲጀምር በየሳምንቱ ከቅርንጫፍ ሥር ነጭ ጨርቅ ይዘረጋል፣ ቅርንጫፉን በዱላ ሦስቴ መታ መታ ያደርጋል፣ ጨርቁ ላይ የረገፈውን ነፍሳት በብልቃጥ ይሰበስባል። ከዚያ በአጉሊ መነጽር አይቶ ምን እንደሆነ ይለይና ቅጽ ሞልቶ ወደ ቢሮ ይልካል። ቢሮው መርዝ የሚረጨውም ከመርጨት የሚታቀበውም በዚያ ቅጽ ነው።

ደኑ ውስጥ ሰው ልብ የማይላቸው ሁለት ትኋኖች አሉ። መጽሐፍ ላይ ያላቸው ስም ምላስ የሚያስር ስለሆነ አባቷ የራሱን አውጥቶላቸዋል። አንደኛዋ ቀይ አንገት ናት፤ የለጋ ቀንበጥ ፈሳሽ እየመጠጠች ዛፉን ከጫፉ ታደርቀዋለች። ሁለተኛዋ ጥቁር ካባ ናት፤ ዛፉን አትነካውም፤ ቅጠል የሚጠቀልሉትንና የሚበሉትን ትሎች እየወጋች ትመጥጣለች። አድገው ክንፍ ካወጡ በኋላ ሁለቱን ሕፃንም ይለያቸዋል። ክንፍ ሳያወጡ ግን መንታ ናቸው ማለት ይቻላል። መለያቸው አንገታቸው ነው፤ ቀይ ከሆነ አንደኛዋ፣ ጥቁር ከሆነ ሁለተኛዋ። እሱም በአጉሊ መነጽር።

የአባቷ ዓይን መድከም የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ዳር ዳሩን ያያል፤ መሐሉ ጭጋግ ነው። ሐኪሙ «ይሄ እየባሰ ይሄዳል እንጂ አይመለስም» ብሎታል። ደኑን እግሩ ስለሚያውቀው አይጠፋበትም። ከቢሮ እንግዳ ሲመጣም ጋዜጣ ዘርግቶ ይቀመጣል። አንድ ቀን ጋዜጣውን ዘቅዝቆ ይዞት እናትየው ሻይ ለማቅረብ መስላ ስታልፍ አቃናችለት። እንግዳው ከሄደ በኋላ ሦስቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን አንዳቸውም ቀና ብለው ሌላውን አላዩም።

የትንኝ ታናሽ የምታህል ነፍስ በልማድ አትታይም። ስለዚህ ትኋኒት ታያለች፣ አባቷ ይለያል። «ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ፤ ስሙን እኔ አወጣዋለሁ» ይላታል ሁልጊዜ። ሌላም ሕግ አለው፦ ብልቃጥ የገባ ነፍሳት ሦስት ጀንበር ሳይጠልቅበት ስም አይሰጠውም። ቅጹ ግርጌ ላይ ሁለት መስመሮች አሉ። አንደኛው «ናሙናውን ያየ» ይላል፣ ሁለተኛው «ዝርያውን የለየ»። ሁለቱም ላይ የሚያርፈው የአባቷ ፊርማ ነው። የት እንደሚፈርም እንዲያውቅ ጣቱን ይዛ መስመሩ ላይ ታስቀምጥለታለች።

የሰኞ ጠዋቱ ነገር እንዲህ ሆነ። በደኑ ምሥራቃዊ ጫፍ ቀንበጦች መርገፍ ጀምረው ስለነበር ቢሮው ተጣድፏል። አባቷ ናሙናውን የሰበሰበው እሑድ ከሰዓት ነው። ሰኞ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ የቢሮው መኪና በር ላይ ቆሞ ክላክስ ያስጮህ ጀመር። ከመኪናው ኋላ ደግሞ ሬዲዮ ቆማ «አቦ ቶሎ በይ! ያለኛ ሊመርጡ ነው!» ትላለች። የክፍላቸው የቮሊቦል ቡድን የሚመረጠው ያን ቀን ጠዋት ነበር።

ትኋኒት አጉሊ መነጽሩን ብልቃጡ ላይ ደቅና አንዷን አየች። መስታወቱ አጠገብ የነበረችውን።

«አንገቷ?» አለ አባቷ።

«ቀይ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ቀይ ነው አልኩህ እኮ፣ አባዬ!»

«ሌሎቹስ?»

ሌሎቹ አምስቱ ቅጠሉ ሥር ተሸጉጠው ነበር። እነሱን ለማየት ክዳኑን መክፈት፣ ቅጠሉን በወረንጦ ማንሳት፣ እንዳያመልጡ መጠበቅ አለ። ክላክሱ እንደገና ጮኸ።

«ሁሉም ያው ናቸው» አለች።

ከትኋኗ አጠገብ አንዲት ባዶ ገለፈት ተንጠልጥላ ነበር። ትኋኒት አይታታለች። ለአባቷ ግን አልነገረችውም፤ ቢነግሩት ጥያቄ ያበዛል። ጣቱን ይዛ መስመሩ ላይ አስቀመጠችው፤ ፈረመ፤ ሾፌሩ ቅጹን ተቀብሎ ሄደ። እሷም ሮጠች። ቡድኑ ውስጥ ገባች ደግሞ።

አሁን ከመስኮቱ ፊት ተቀምጣ ሐመሯ ትኋን ስትጠቁር ታያለች። መጀመሪያ እግሮቿ ጠቆሩ። ቀጥሎ ጭንቅላቷ። ተጨማድደው የነበሩት ክንፎቿ ቀስ እያሉ ተዘረጉ፣ ዳመኑ፣ ጠቆሩ። አንገቷ ከሁሉም ዘገየ፤ እሱም ከቀይ ወደ ቡናማ፣ ከቡናማ ወደ ጥቁር ሄደ። እናቷ ጫማ የሚለውን ነገር ትታ መብራት ስታበራ፣ ብልቃጡ ውስጥ የተቀመጠችው ትኋን ከትከሻዋ እስከ ጫፏ ካባ የደረበች ጥቁር ነበረች። ሌሎቹም አምስቱ ጥቁር አንገት ናቸው። ዛሬ አንድ በአንድ አየቻቸው።

የዛሬው ቀን በጠዋቱ ነበር የተበላሸው። በእረፍት ሰዓት ሬዲዮ ዜናዋን ይዛ መጥታ ነበር። የመርጫ መኪናውን የሚነዳው አጎቷ ነው።

«ዓርብ ጠዋት ነው፤ ከላይ እስከ ታች ነው የሚረጩት» አለች፣ ብስኩት እያኘከች። «አጎቴ ጭምብሉን ሲለካ ብታይው፣ በሳቅ ነው የምትሞቺው። ያንቺዎቹ ትኋኖች አለቀላቸው በያቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ትኋኒትም ስቃ ነበር። ቀይ አንገቶች ናቸዋ።

አባቷ ከደን ሲመለስ ዱላውን በሩ ጥግ አስደግፎ፣ ኮፍያውን ሚስማሩን ሳይስት ሰቀለ። ትኋኒት ቁጭ እስኪል እንኳ አልጠበቀችም።

«አባዬ፣ ጥቁር ካባዎች ናቸው።»

«ምኖቹ?»

«የሰኞዎቹ። አንዷ ዛሬ ቆዳዋን ስትቀይር አየኋት። ስትወጣ ቀይ ናት። ሁለመናዋ ቀይ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ቆይታ ነው የጠቆረችው።»

አባቷ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ። «ስንተኛ ቆዳዋ ነው?» አለ በዝግታ።

«አምስተኛው። ክንፍ አውጥታለች። ጥቁር ክንፍ።»

«እንግዲያው ጥርጥር የለውም። ከቆዳዋ የወጣች ትኋን ሁሉ እንዲህ ናት፤ ቀለሟ ወዲያው አይመጣም። ለዚህ እኮ ነው ሦስት ጀንበር የምጠብቀው።» የወንበሩን ጠርዝ ያዘ። «አጠገቧ ገለፈት ካለ ደግሞ ወዲያው ይታወቃል። ሰኞ ገለፈት አልነበረም?»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። እናትየው እያዳመጠች ነው።

«ነበር» አለች ትኋኒት።

«አይተሽው ነበር?»

«አይቼው ነበር።»

«ሌሎቹንስ?»

«ሌሎቹን አላየኋቸውም፣ አባዬ። ያው ናቸው ያልኩህ ዝም ብዬ ነው።»

 አባቷ ቢቆጣት፣ ጠረጴዛውን ቢመታ ይሻላት ነበር። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ መስኮቱ ፊቱን አዞረ። ብርሃኑ ብቻ እንደሚታየው ታውቃለች።

«እንቁላል ጥለዋል?» አለ በመጨረሻ።

«ገና ዛሬ ነው አንዷ ክንፍ ያወጣችው።»

«እንግዲያው ዓርብ ከተረጨ ለከርሞ የሚፈለፈል የለም። በዓመት አንዴ ነው የሚወልዱት። እንቁላላቸውን ቀንበጥ ሰንጥቀው ከልጡ ሥር ይደብቁታል፤ ክረምት ከበጋ እዚያው ቆይቶ ቡቃያ ሲከፈት ይፈለፈላል። ዘንድሮ ያልተደበቀ ለከርሞ ከየት ይመጣል?» በእጁ መዳፍ ፊቱን ጠረገ። «ቀንበጡን የሚያረግፉት ትሎቹ ኖረዋል ማለት ነው። እነሱ ደግሞ ይሄን ጊዜ ወደ አፈር ወርደዋል። መርዙ አያገኛቸውም። የሚያልቁት ጠባቂዎቹ ብቻ ናቸው።»

«ነገ ሄደን እንንገራቸዋ» አለች ትኋኒት።

«ምን ብለን?» አለች እናትየው። ከመኪናዋ ተነስታ መጣች፤ ጣቷ ላይ የስፌት ክር ተጠምጥሟል። «እንዴት ተሳሳትክ ቢሉትስ? ሃያ ሁለት ዓመት ያልተሳሳተ ሰው ዛሬ ምን ነካው ቢሉስ? እስቲ እይልን ብለው መነጽሩን ቢሰጡትስ?»

ባሏ ፊት መጥታ ቆመች።

«መርዝ ዝናብ ያጥበዋል» አለች። «ቤት ግን ዝናብ አያመጣውም። እኔ ሁለት ጊዜ ዕቃዬን በጋሪ ጭኜ ከቤት ወጥቻለሁ። ሦስተኛ አልችልም።» ድምፅዋ ተሰበረ። ዞር ብላ ዓይኗን በክሩ ጣቷ ጠረገችና ለስለስ ብላ ተመለሰች። «እሺ፣ ደኑም ይትረፍ። ትሂድና ብልቃጡን ስጫወት ቀያየርኩት ትበል። ልጅ ናት። ልጅን ማን ያስራታል? አንድ ቁጣ ነው። ይቆጧታል፣ ያልፋል።»

ትኋኒት አባቷን አየችው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ደኑ ይተርፋል፣ ቤቱ ይተርፋል፣ የሚጎዳው እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ጥፋቷ ነው። እንዲያውም ቅልል አላት።

«አባዬ?»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ» አለ አባቷ። «ለእኔ ንጋቱ መጥራት ከተወ ሁለት ዓመቱ።» ተነሳና ወደ በረንዳው ወጣ። ትኋኒት ተከትላው ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ካፊያ ጀምሮ ነበር። ጀርባውን እንደሰጣት፣ «ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም» አላት። «ሦስት ጀንበር ያልጠበቅኩት እኔ ነኝ። ያ ክላክስ ሲጮህ ልቤ ይርዳል። ሾፌሩ ወርዶ ይገባና ዓይኔን ያየኛል እላለሁ። ቶሎ ይሂድልኝ ብዬ ነው የፈረምኩት።»

ትኋኒት ማልቀሷን አላሰማችውም። አባቷ ግን ጆሮው ደህና ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ ደኑ ላይ የወደቀ ይመስል ነበር። አባቷ ከሁሉም ቀድሞ ተነስቶ የደንብ ልብሱን ለብሷል፤ ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ቆልፏል። አንዱን ቀዳዳ ስቶ አንድ ወገን ከፍ ብሏል። ትኋኒት ልታስተካክልለት እጇን ዘረጋችና ተወችው።

በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ሰጣት። አጉሊ መነጽሩ ነው። ከአባቷ ተለይቶ ከቤት ሲወጣ አይታ አታውቅም።

«ያለሱ አያምኑሽም» አላት።

«ምን ልበላቸው?»

«ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ» አለና ዱላውን ይዞ ወደ ደኑ ወረደ።

እናትየው በሩ ላይ አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠመጠመችላት። «ስጫወት ቀያየርኩት» አለች በሹክሹክታ፣ ልጇን ጥያቄና መልስ እንደምታስጠና። «ሌላ ምንም እንዳትጨምሪ። እሺ?»

«እሺ።»

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሬዲዮ ነበረች። ብልቃጡን፣ ቀጥሎ የጓደኛዋን ፊት አየች። ትኋኒት ነገረቻት፤ የአባቷን ዓይን ሳይቀር። ይህን ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። ሬዲዮ ከተዋወቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ከፍታ ቃል አጣች።

«ለማንም አልናገርም» አለች ቆይታ። «ሬዲዮም ባትሪው ያልቃል።»

ከዚያ የትኋኒትን ቦርሳ ከትከሻዋ አውርዳ ራሷ ተሸከመችውና በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሄደች።

ቢሮው ረጅም ኮሪደር ነው፤ እርጥብ ወረቀትና የወለል ሰም ይሸታል። ግቢው ውስጥ የመርጫ መኪናው ቆሟል፤ የሬዲዮ አጎት ቱቦውን እየጠቀለለ ያፏጫል። ጸሐፊዋ ትኋኒትን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና፣ የማን ልጅ እንደሆነች ስትሰማ ፊቷ ፈታ ብሎ አስገባቻት።

ኃላፊው ሹራብ የደረበ፣ ድካም የማይለየው ሰው ነው። ብልቃጡን ተቀበለ፤ በአጉሊ መነጽሩ ለረጅም ጊዜ አየ፤ ከመደርደሪያው መጽሐፍ አውርዶ ሥዕሉን አስተያየ፤ ተመልሶ አየ።

«ይቺማ ትል አዳኟ ናት» አለ። «ምንም ጥያቄ የለውም። ክንፏ ይኸው።» የሰኞውን ቅጽ ከፋይሉ አወጣና ፊርማው ላይ ጣቱን አሳረፈ። «አባትሽ እኮ አይሳሳትም። እኔ እዚህ ስመጣ ይሄን መጽሐፍ ማንበብ ያስተማረኝ እሱ ነው። ምን ተፈጥሮ ነው?»

ትኋኒት አፏን ከፈተች። የእናቷ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

«ብልቃጥ ተቀያይሮ ነው መቼም» አለ ኃላፊው፣ እሷን ቀድሞ። «ቤት ውስጥ ልጆች ሲነካኩት።» ፈገግ አለ፤ ሊያስቀይማት አልፈለገም። «ነው አይደል?»

ራሷን ብትነቀንቅ በቂ ነበር። መዋሸት እንኳ አላስፈለጋትም፤ ውሸቱን ሌላ ሰው ሠርቶ፣ ጠቅልሎ፣ እጇ ላይ አስቀምጦላታል። ኃላፊው መልሷን ሳይጠብቅ ከመሳቢያው አዲስ ቅጽ አወጣ።

«ርጭቱን ለማስቆም ይሄ ተሞልቶ ዛሬ መመለስ አለበት። ምክንያቱን ‹የናሙና መቀያየር› እንበለው። ወስደሽ አባትሽን አስፈርሚው፤ ሁለቱም መስመር ላይ። ሾፌር አብሮሽ ይመጣል።»

መኪናው በር ላይ ቆሞ ክላክሱን ሲያስጮህ ታያት። አባቷ በረንዳው ላይ፣ የደንብ ልብሱን ቁልፍ አዛንፎ የቆለፈ ሰው፣ ልቡ እየራደ። እሷ ጣቱን ይዛ። ሳምንት ደግሞ ሌላ ብልቃጥ፤ ለከርሞም ሌላ። እሷ ያላየችውን ሁሉ እሱ ይፈርምበታል።

አባቷ «አንገቷ?» ሲላት የሰማች መሰላት። «ሌሎቹስ?»

«ብዕር ይስጡኝ» አለች።

ኃላፊው ብዕሩን ሰጣት። ትኋኒት ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስተካክላ «ናሙናውን ያየ» ከሚለው መስመር ፊት ሙሉ ስሟን ጻፈች። ያን ትምህርት ቤት ውስጥ መምህር ብቻ የሚጠራውን ስም። ፊደሎቹ ቁልቁል ወረዱ።

«ኧረ የኔ ልጅ፣ እሱ የአባትሽ ቦታ ነው» አለ ኃላፊው።

«አይደለም።» ብዕሩን አስቀመጠች። «ሰኞም ያየሁት እኔ ነኝ። ብልቃጡ አልተቀያየረም። አንዷን ብቻ አየሁና ሁሉም ያው ናቸው አልኩት። ገለፈቷንም አይቼ ሳልነግረው ቀረሁ። ከሁለት ዓመት ጀምሮ የማየው እኔ ነኝ።»

 ኃላፊው የሰኞውን ቅጽ አነሳ፤ ሁለቱን ፊርማዎች፣ አንዱን ከአንዱ በላይ፣ እንደ አዲስ ያያቸው ጀመር። ከግቢው ፉጨቱ ይሰማል።

«እና አባትሽስ?» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ትኋኒት ቅጹን ወደ እሱ ገፋችው። ሁለተኛው መስመር ባዶ ነው።

«ከታች ያለውን እሱ ይፈርማል» አለች። «ከነገርኩት ስማቸውን የሚያውቀው እሱ ነው። መስመሩ የት እንደሆነ ግን ጣቱን ይዤ ማሳየት አለብኝ።»

አጉሊ መነጽሩን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፣ በመሐረቡ ጠቀለለችው፣ ኪሷ ከተተችውና ሾፌሩ እስኪጠራ ቆማ ጠበቀች።